ስንጥር፣ መቋሚያና ስፒነር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። «አይረጋም፣ እጁን አያሳርፍም» ይላል። ለእናቴ ሳነብላት ሳቀች። «አንተስ መቼ ረግተህ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ግን እኔ ደብረ ወርቅ ፊደል ስቆጥር እርጋ ያለኝ አልነበረም። እስቲ የቄስ ትምህርት ቤት ያያችሁ አስታውሱ፤ እጃችን ላይ ስንጥር ነበረች። 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 182 ናቸው፤ እያንዳንዱን በስንጥር እየነካን፣ እየጮህን፣ እየተወዛወዝን ነበር የምንለው። መልእክተ ዮሐንስ ስንገባም መጀመሪያ «ቁጥር» ነው፣ ፊደል በፊደል እየጠቆሙ። ግዕዙ፣ ውርዱና ቁም ንባቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቁጣ የሚደርስበት ዝም ያለው ልጅ ነው፤ ዝም ካለ አላጠናም ማለት ነዋ!

ከፍ ሲልም ያው ነው። የቅኔ ተማሪ ቆጠራ ሲወጣ ብቻውን ጫካ ይገባል። አቋቋም ቤት መቋሚያ፣ ጽናጽልና ከበሮ አለ፤ ዜማው በእጅና በእግርም ይጠናል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ኤልያስ፣ እኛው ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

መቋሚያ ለትኩረት ተብሎ ተሠራ እያልኩ አይደለም፤ ለረጅም ሰዓት ቁመት መደገፊያ ነው። ኩርኩሙንና አለንጋውንም አልረሳሁም። ስንቱ ልጅ «ደነዝ» ተብሎ ወደ ከብት ጥበቃው እንደተመለሰ ማን መዘገበው?

ፈረንጆቹ ነገሩን በሐኪም ዓይን ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል (ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። በ1798 አሌክሳንደር ክራይተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሐሳባቸው አንድ ቦታ ስለማይረጋ ሰዎች ጻፈ። በ1902 ጆርጅ ስቲል ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ዓይነት ልጆች ሲናገር ችግሩን የግብረ ገብ ቁጥጥር ጉድለት አለው። የልጄ መምህርት እዚያው 1902 ላይ የቀረች መሰለኝ። ኤዲኤችዲ የሚለው ስም የመጣው በ1987 ነው።

በ2017 ደግሞ ስፒነር የሚባለው ተሽከርካሪ መጫወቻ ዓለምን አጥለቀለቀ። ለትኩረት ይረዳል ተብሎ ተሸጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወዲያው ከለከሉት። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎችም እሱን እያሽከረከሩ ትምህርት የተከታተሉ ተማሪዎች የሚያስታውሱት አነሰ። ለእኔ አይገርመኝም፤ ዓይን ይሰርቃላ! ስንጥሯ ዓይንን ወደ ፊደሉ ትወስዳለች፣ ስፒነር ወደ ራሱ። የእናቴ እንዝርትም እኮ ይሽከረከራል፤ እሷ ግን ፈትሉን በጣቷ ታውቀዋለች፣ ጆሮዋ ወሬ ላይ ነው።

ልጄ ኤዲኤችዲ ይኑርበት አይኑርበት ሐኪም ይለየዋል፤ ወረፋ ይዘናል። እስከዚያው ድምፅ የሌለው፣ ኪስ የሚገባ፣ ሳያዩት በጣት የሚታወቅ ነገር ፈለግሁ። መቁጠሪያዬን ልስጠው ብል እናቴ ተቆጣች፦ «መጫወቻ አይደለም!»

ልክ ናት። ከራሷ ፈትል ገመደችና ዘጠኝ ቦታ ቋጠረችለት፤ አንዱ ቋጠሮ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ሻካራ። ሰኞ ኪሱ ከትቶ ሄደ። መምህርቷ እስካሁን አላየችበትም።