ጽንሱ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት እንዳለበት ሲታወቅ፦ የሕጉ ፈቃድና የእናቲቱ ውሳኔ

አንዲት ነፍሰ ጡር በምርመራ ወቅት ጽንሷ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት እንዳለበት ሲነገራት፣ እርግዝናውን ለማቋረጥ ወይም ለመቀጠል በአጭር ጊዜ ውስጥ መወሰን ይኖርባታል። ጉዳዩ ከሕግ፣ ከሕክምናና ከእምነት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ በጤና፣ በፍትሕና በማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የሚያገለግሉ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በሚገባ ሊያውቁት ይገባል።

በኢትዮጵያ ጽንስን ሆን ብሎ ማቋረጥ በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን ይፈቅድ የነበረው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ሲባል ብቻ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። ከእነዚህም አንዱ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት መሆኑ ነው። ድርጊቱ የሚፈቀደው እውቅና ባለው የሕክምና ተቋምና ሙያው በሚፈቅደው የእርግዝና ጊዜ ውስጥ ሲፈጸም ነው።

ሕጉን ለማስፈጸም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የአሠራር መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎታል። በመመሪያው መሠረት ጽንስ ማቋረጥ የሚባለው እርግዝናው 28 ሳምንት ሳይሞላው የሚፈጸመው ነው። ተቋሙ አስፈላጊው መስፈርት መሟላቱን ካረጋገጠ በኋላ አገልግሎቱን በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲሰጥም መመሪያው ይደነግጋል። ይህ የጊዜ ገደብ የተጣለው በተቋሙ ላይ እንጂ በእናቲቱ ላይ አይደለም። በመሆኑም ገና ያልወሰነችን እናት ለማጣደፍ ሊጠቀስ አይገባም።

በምርመራ የሚገኙ ጉድለቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አነንሴፋሊ በሚባለው ችግር የጽንሱ የራስ ቅልና የአንጎል ዋነኛ ክፍል ስለማይሟላ ሕፃኑ በማኅፀን ውስጥ፣ ወይም ከተወለደ በኋላ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። በአንጻሩ የጀርባ አጥንት በትክክል ባለመግጠሙ የሚከሰተው ስፓይና ቢፊዳ እንደ ቁስሉ ቦታና ስፋት ይለያያል። አንዳንዶቹ ልጆች እግራቸው ይሰንፋል፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርም ይሳናቸዋል፤ ሌሎች በወቅቱ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ታግዘው ያድጋሉ፣ ይማራሉ። በአዲስ አበባ የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የሕፃናት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንዱ ነው።

ስለዚህ «ጉድለት አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም። የመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ውጤት በሌላ ልምድ ባለው ሐኪም መረጋገጥ አለበት። እናቲቱም የችግሩን ስም፣ ሕፃኑ የመኖር ተስፋው ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ሕክምና የት እንደሚገኝና እያንዳንዱ ምርጫ በራሷ ጤና ላይ የሚያስከትለውን በሚገባት ቋንቋ ልትሰማ ይገባል። ጉድለቱ የማይድንና ከባድ ስለመሆኑ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እርግዝናው ይቋረጥ ወይስ ይቀጥል የሚለውን የምትወስነው ግን እናቲቱ ናት።

ሕጉ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። እርግዝናውን ለማቋረጥ የወሰነች እናት እንደ ወንጀለኛ ልትታይ አይገባም፤ ለመቀጠል የወሰነችውም ምክር አልሰማችም ተብላ ከክትትል ልትገለል አይገባም። ብዙዎች ከባለቤታቸው፣ ከወላጆቻቸው፣ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት መሪያቸው ጋር መምከር ይፈልጋሉ፤ ለዚህም ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። የባለሙያው የግል አመለካከት ግን በማናቸውም አቅጣጫ የእናቲቱን ውሳኔ ሊተካ አይችልም።

ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ምርመራው ቀደም ብሎ ሲደረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ አሳስቧል። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ የሚከታተሉ እናቶች በጊዜ ወደ ሆስፒታል ካልተላኩ፣ ጉድለቱ የሚታወቀው የመወሰኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ ይሆናል።

ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ክፍል የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። በመጀመሪያው የክትትል ቀን የሚሰጠው የፎሊክ አሲድ እንክብል ለዚህ ችግር ይዘገያል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ከእርግዝናው በፊት ጀምሮ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመከራል፤ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ የነበራት ሴት ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋታል። የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. አገሮች ምግብን በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲያበለጽጉ የሚያሳስብ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል።

በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች ድርሻ በእናቲቱ ምትክ መወሰን ሳይሆን፣ ምርመራው በጊዜ እንዲደርሳት፣ መረጃው ትክክለኛና የተሟላ እንዲሆን፣ ከውሳኔዋም በኋላ ተገቢውን ሕክምናና እንክብካቤ እንድታገኝ ማድረግ ነው።