እንሰት በመናፈሻና በፖስትካርድ

እንሰት ከሙዝ ቤተሰብ የሆነ ግዙፍ ተክል ነው። በወላይታ «ኡታ» ይባላል፤ በቤት ጓሮ፣ ፍግ በሚደርስበት መሬት ይተከላል። ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ የሚባሉት ምግቦች የሚገኙት ከእሱ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ቅጠሉ በይበልጥ የሚታወቀው ኮባ ተብሎ፣ ለዳቦ መጋገሪያ ነው። አውሮፓ ደግሞ ያወቀው በመናፈሻ ጌጥነቱ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ተክሉን ከነሥዕሉ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አስተዋወቀ። ብሩስ ግን ለሠዓሊው፣ ጎንደር ላይ ለሞተው ጣሊያናዊ ለሉዊጂ ባሉጋኒ የሚገባውን ምስጋና አልሰጠም። በ1853 የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ላከ። ከዚያ በኋላ እንሰት በአውሮፓ መናፈሻዎች ተስፋፋ። ውርጭ ስለማይችል አትክልተኞች ክረምት ሲገባ ነቅለው መስተዋት ቤት ያሳድሩታል።

ከ1900 አካባቢ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት በዘለቀው የፖስትካርድ ወርቃማ ዘመን ዘንባባ፣ ቁልቋልና ሙዝ መሰል ተክሎች የሽርሽር ካርዶች ማድመቂያ ነበሩ። የፎቶ አንሺዎቹ ዘዴ ቀላል ነው፦ ግዝፈቱ እንዲታይ ከተክሉ ሥር ሰው ማቆም። በዚሁ ዘዴ በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ፣ በ1881 ግንዱ ተፈልፍሎ መንገድ የወጣለት የዋዎና ዛፍ በ1969 እስኪወድቅ ድረስ በመሐሉ መኪና እያለፈ ተነሥቷል።

ለእንሰት ይህ ዓይነቱ ፎቶ ብዙም አይበቃውም። ካርዱ የሚያሳየው ቅጠሉን ብቻ ነው። ግንድ የሚመስለው አካል እርስ በርስ የተቃቀፉ የቅጠል እግሮች ስብስብ ነው። ሴቶች ይህን ይፍቁታል፤ ከተከተከተው ሥር ጋር ተደባልቆ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። አሚቾውም ከመሬት በታች ያለው ሥር ነው። ገበሬው አዲስ ችግኝ የሚያገኘው ከዘር ሳይሆን ከዚሁ ሥር ነው፤ እናት ተክሉ ተቆርጦ፣ እምብርቱ ተጎድጉዶ ሲቀበር በዙሪያው ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ተክሉ ሳይቆረጥ ከቀረ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል።

ዛሬ ቱሪስት እንሰት ሲፋቅ ለማየት በአብዛኛው የሚሄደው ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው ዶርዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በወላይታ ሶዶ ያልፋል፤ ግራና ቀኙም እንሰት ነው። ወላይታን ለጎብኚ የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የአጆራ ፏፏቴንና የዳሞታ ተራራን ነው። ይሁንና ከሶዶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ መቶዎች የእንሰት ዓይነቶችን በማሳው ጠብቆ ይዟል።