የሲ. ዲፊሲል የአንጀት ኢንፌክሽን እንዳያገረሽ የሚሰጥ የጠቃሚ ባክቴሪያ ሕክምና

የበሽታው ምንነት
ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል (በአጭሩ ሲ. ዲፊሲል) ትልቁን አንጀት በማጥቃት ብርቱ ተቅማጥ፣ የሆድ ሕመምና ትኩሳት የሚያስከትል ባክቴሪያ ነው። በአብዛኛው የሚከሰተው አንቲባዮቲክ በሚወሰድበት ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በሆስፒታል ተኝተው የታከሙ እንዲሁም የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

በሽታው የሚያገረሽበት ምክንያት
በጤናማ አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲ. ዲፊሲል እንዳይራባ ይከላከላሉ፤ አንቲባዮቲክ ግን እነርሱንም ያጠፋል። በሽታውን ለማከም የሚሰጠው ቫንኮማይሲንም ቢሆን ስፖር የሚባለውን፣ በጠንካራ ሽፋን የተጠበቀውን የጀርሙን ቅርጽ አያጠፋም። በመሆኑም ከስድስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ላይ በሽታው ከ2 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

የሕክምናው ዓይነቶች
ሕክምናው ጥብቅ ምርመራ ካለፉ ጤናማ ለጋሾች ሰገራ የተዘጋጁ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ወደ ታካሚው አንጀት መመለስ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች ሁለት መድኃኒቶችን አጽድቋል፦

• ሪባዮታ (እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022)፦ በፊንጢጣ በኩል በጤና ባለሙያ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 150 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው።
• ቫውስት (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023)፦ በቀን 4 ካፕሱል ለ3 ተከታታይ ቀናት በባዶ ሆድ የሚዋጥ ነው። 182 ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በ8 ሳምንታት ውስጥ በሽታው ያገረሸባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 12 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 40 በመቶ ነበሩ።

ሁለቱም የተጀመረውን ኢንፌክሽን አያድኑም። የሚሰጡት ታካሚው የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ ከጨረሰ በኋላ፣ በሽታው ዳግም እንዳይመለስ ለመከላከል ብቻ ነው።

ጥንቃቄ
የሆድ መነፋት፣ የሆድ ድርቀትና ድካም ሊከሰቱ ይችላሉ። ከለጋሽ የሚገኝ ማንኛውም ዝግጅት ተላላፊ ጀርም የማስተላለፍ ዕድል አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በምርምር ላይ በነበረ የሰገራ ንቅለ ተከላ መድኃኒት የተላመደ ጀርም የተላለፈባቸው፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሁለት ሰዎች ታመው አንደኛው ሕይወቱ ማለፉ ይፋ ተደርጓል። ስለዚህ ያልተመረመረ ሰገራን በቤት ውስጥ ለሕክምና መጠቀም ለሕይወት አደገኛ ነው።

ከታካሚው የሚጠበቅ
• በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ተቅማጥ ካለ፣ በተለይም በቅርቡ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ፣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ወይም የሰውነት ፈሳሽ እጥረት ካለ ሳይዘገዩ መታከም፤
• በሽታው ስንት ጊዜ እንደተመለሰ፣ የተወሰዱትን መድኃኒቶችና የምግብ አለርጂን ለሐኪም መግለጽ፤
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክም ሆነ የተቅማጥ ማቆሚያ አለመውሰድ፤
• እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ፤ የአልኮል ሳኒታይዘር ስፖሩን አይገድልም።