ከተናገሩት ከሚጠፋ…

የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የአዲስ አበባ ንግግሮች ዛሬ ከመዝገብ ቤት ወጥተው በየሰው ስልክ ይዞራሉ። በተለይ ሁለቱ። አንደኛው ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የተሰማው የእናት ሀገር ጥሪ ነው። ሁለተኛው በዚያው ወር አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየከሰከሱ በአብዮቱ ጠላቶች ላይ የዛቱበት ነው።

ወጣቱ ይሰማና «ድምፅ ማለት ይሄ ነው!» ይላል። አልፈርድበትም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬያለሁና እኔም ቀድሜ የምሰማው ድምፁን ነው። «ኢምፔሪያሊዝም» እና «አድኃሪ» የሚሉትን ቃላት አውጡለትና ስሙት፤ የሚቀረው ፉከራ ነው። የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ሽማግሌ ሠርግና ለቅሶ ላይ አሳምሮ የሚያውቀው ፉከራ።

ፉከራ ደግሞ በዚያ አገር ሕግ አለው። ሰውየው ብድግ ብሎ «እኔ!» ሲል፣ የሰማው ሁሉ ምስክር ይሆናል። ያለውን ሳያደርግ ከቀረ በሚቀጥለው ድግስ ቀና ብሎ አይቀመጥም። ፉከራ ዕዳ ነው፤ የሚከፍለውም ራሱ ፎካሪው ነው።

የአደባባዩን ፉከራ ዕዳ ታዲያ ማን ከፈለው?

በ1969 ዓ.ም. ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው፣ ሰኔ ውስጥ በአብዮት አደባባይ ተሰለፉ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገባ። ጅጅጋ ተይዛ የካቲት 1970 ዓ.ም. ተመለሰች። ሀገር ተወርራ ነበርና ይህን ዕዳ ገበሬው የራሴ ነው ቢል አያስደንቅም። ግን ያው ድምፅ በቀይ ሽብር ወደ ልጆቹ ዞረ። ጦርነቱ በሰሜን ቀጠለ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣና ጥሪው ኮታ ሆነ። ገጠር ውስጥ ልጅ ከእርሻና ከገበያ ይታፈስ ጀመር። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደብረ ታቦርና ጉና ደረሰ። የላይ ጋይንትና የእስቴ ሰው ያንን ተራራ ከደጁ ቆሞ ያየዋል።

ኮሎኔሉ ፕሬዚዳንት ተብለው ነበር። አንድ ሰውና አንድ ጥይት እስኪቀር መዋጋት የሚለው የዘመኑ ቃል ገና ከጆሮ ሳይወጣ፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ሬዲዮ ፕሬዚዳንቱ ከሀገር መውጣታቸውን ተናገረ። ዜናውን ያነበበው የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። እሳቸው ሐራሬ ገቡ። ፍርድ ቤት በ1999 ዓ.ም. በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት፣ በ2000 ዓ.ም. በይግባኝ ሞት ፈረደባቸው። ጠርሙሱ በተሰበረበት አደባባይ ጥግም በ2002 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ።

በየስልኩ የሚዞረው ቅንጫቢ ይህን ሁሉ አይዝም። ጠርሙሱ ሲሰበር ጀምሮ ጭብጨባው ላይ ያልቃል። ፉከራውን ያሰማል፣ ዕዳውን ይቆርጣል። ስለዚህ ክሮቹ ይጠበቁ ስንል ከነቀናቸውና ከነፍጻሜያቸው ይጠበቁ ማለታችን ይሁን። የሚያዝያ 1969ን ድምፅ የሰማ ሰው የግንቦት 1983ንም ዜና አከታትሎ ይስማ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ ሃያ ዓመት የሞላው ገበሬ ዛሬ ሰባ ሊሞላው ነው፣ ወይም አልፎታል። የንፋስ መውጫ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ መምህራን በተማሪዎቻቸው ስልክ የእሱንም ድምፅ ይቅረጹ። ማን ሄደ? ማን ተመለሰ? ብለው ይጠይቁት። በፉከራ ሕግ ምስክሩ እሱ ነውና፣ ያለ እሱ ቃል መዝገቡ ጎዶሎ ነው።

አባቶች «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ተናጋሪው በገዛ ቃሉ የገዛ ልጁን ሲያስይዝ ነው ይህ። በእኛ ዘመን ግን የተናገሩትም ጠፋ፣ የጠፉትም ልጆች የሌላ ሰው ነበሩ።