«ከዚህ ቤት ምን ሊወጣ!»፦ የኤሚ ወርነር የ40 ዓመት ጥናት ስለ ልጆች ምን ይነግረናል?

ኑሮ የከበደው፣ ባልና ሚስት የማይስማሙበት ወይም ወላጅ የታመመበት ቤት ሲታይ ሰው ስለ ልጆቹ አስቀድሞ ይፈርዳል። «ከዚህ ቤት ምን ሊወጣ!» ይባላል። ልጁ በትምህርቱ ሲደክም ወይም ሲያጠፋ ደግሞ ፍርዱ ልክ የነበረ ይመስላል። ግን እውነት ልክ ነው? ኤሚ ወርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ይህን ጥያቄ ሲመረምሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥናታቸው እንዴት እንደተካሄደ፣ ምን እንዳገኘና ለወላጆች፣ ለዘመዶችና ለመምህራን ምን ትርጉም እንዳለው እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተመራማሪዋና ጥናቱ

ኤሚ ወርነር በ1929 በጀርመን ተወለዱ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነው። በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዴቪስ ከተማ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ አስተምረዋል። በ2017 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ጥናቱ የተካሄደው በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካሉት የሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የደሴቲቱ ቤተሰቦች ኑሯቸው ከሸንኮራ አገዳና ከአናናስ እርሻ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ ከጃፓን፣ ከፊሊፒንስና ከሌሎች አገሮች ለጉልበት ሥራ የመጡ ሰዎች ልጆችም ይገኙባቸዋል። በ1955 የተወለዱ 698 ሕፃናት ተመዝግበው ክትትሉ ተጀመረ። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና ማኅበራዊ ሠራተኞች ተሳትፈውበታል። ልጆቹ በ1፣ በ2፣ በ10፣ በ18፣ በ32 እና በ40 ዓመታቸው ታይተዋል።

የጥናቱ ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድን አዋቂ «ልጅነትህ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ትዝታ ግን ይደበዝዛል፤ ሰውም ያለፈውን ዛሬ ባለበት ሁኔታ እየቃኘ ይተርካል። ወርነርና ባልደረባቸው ሩት ስሚዝ ግን የልጆቹን ሕይወት ከሥር ከሥሩ እየመዘገቡ ተከታተሉ።

ምን ተገኘ?

ከልጆቹ 200 ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አራትና ከዚያ በላይ ችግሮች ተደራርበውባቸዋል፦ ድህነት፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የወላጆች ትምህርት ማነስ፣ የማያባራ ጠብ ወይም ፍቺ፣ የወላጅ የአእምሮ ሕመም ወይም የመጠጥ ሱስ።

ከእነዚህ መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በ10 ዓመታቸው የትምህርት ወይም የጠባይ ችግር ታይቶባቸዋል፤ ወይም 18 ዓመት እስኪሞላቸው ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል፤ አለዚያም የአእምሮ ጤና እክል ገጥሟቸዋል። የተቀሩት 72 ልጆች፣ ማለትም ሲሶ የሚሆኑት፣ ብቁ፣ በራሳቸው የሚተማመኑና ለሌላው የሚያስቡ ሰዎች ሆነው አደጉ። በ40 ዓመታቸው ሲታዩ ከእነርሱ መካከል ሥራ አጥ የሆነ፣ ከሕግ ጋር የተጋጨ ወይም በመንግሥት ድጎማ የሚኖር አልነበረም።

እነዚህን 72 ልጆች የለያቸው ምንድን ነው? ወርነር ያገኙት በሦስት ይጠቃለላል።

አንደኛው የልጁ ጠባይ ነው። ብዙዎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ንቁና ሰው የሚቀርባቸው ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ የግድ ጎበዝ ባይሆኑም ያላቸውን ችሎታ ይጠቀሙበታል፤ የሚኮሩበት አንድ ሙያ ወይም የሚወዱት ሥራ አላቸው።

ሁለተኛው በቤተሰቡ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ነው። እናት ወይም አባት ባይሆኑ እንኳ አያት፣ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እህት ልጁን እንደ ራሳቸው አቅፈው ይዘውታል። ልጆቹም በአቅማቸው የቤት ኃላፊነት ነበራቸው፤ ታናናሾቻቸውን ይጠብቃሉ፣ በሥራ ያግዛሉ።

ሦስተኛው ከቤት ውጭ ያለ ድጋፍ ነው፦ የሚወዱት መምህር፣ ደግ ጎረቤት፣ የጓደኛ እናት፣ የሃይማኖት ማኅበረሰብ። ልጁ ቤቱ ሲጨንቀው የሚሄድበት ነበረው።

ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ዋናው ነገር የማይለወጥ፣ ልጁን ከነጉድለቱ የሚቀበል ሰው ነው።

ሁለተኛ ዕድል

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የጥናቱ ክፍል በ18 ዓመታቸው «ተበላሹ» የተባሉትን ይመለከታል። ከእነርሱ አብዛኞቹ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ሕይወታቸውን አቃንተው ተገኝተዋል። መንገዳቸው ይለያያል፦ ወደ ትምህርት መመለስ፣ የውትድርና አገልግሎት፣ መልካም የትዳር አጋር፣ ሃይማኖታቸውን አጥብቆ መያዝ። ሁሉም ተቃኑ ማለት አይደለም፤ ግን በ18 ዓመት የተሰጠው ፍርድ በብዙዎቹ ላይ ስህተት ሆኖ ተገኝቷል።

በተሳሳተ መንገድ እንዳንረዳው

ይህ ጥናት «ጠንካራ ልጅ በራሱ ይወጣዋል» ለማለት ሲጠቀስ ይሰማል። እንዲህ አይልም። ከሦስቱ ሁለቱ መንገድ ላይ ወድቀዋል። የቀናቸውም ቢሆኑ ብቻቸውን አልነበሩም። ጥናቱ በአንዲት ደሴት የተደረገ ስለሆነም ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ሰፈር ማምጣት አይቻልም። ሆኖም አንድ የሚታመን አዋቂ ያለው ጥቅም በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶችም ተደጋግሞ ታይቷል።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

ለሙስሊም አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከመወለዳቸው በፊት አባታቸውን፣ በ6 ዓመታቸው እናታቸውን፣ በ8 ዓመታቸው ደግሞ ያሳድጓቸው የነበሩትን አያታቸውን አጥተዋል። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ ናቸው። ዲናችን ስለ የቲም አደራ አጥብቆ ማስተማሩም ይታወቃል። የቲም ስንል ግን ብዙ ጊዜ የምናስበው ምግብና ልብስ ነው። ጥናቱ የሚያክለው ልጁ የሚጠጋበት ሰውም እንደሚያስፈልገው ነው።

ዛሬ እናቶቻቸው ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ዱባይ ሄደው ከአያት ወይም ከአክስት ጋር የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። የሚላከው ገንዘብ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሸፍናል፤ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ብሎ መጠየቅ ግን አብሯቸው ያለው ሰው ድርሻ ነው። ይህ ሰው ቦታው የተተኪ እንዳይመስለው፤ ለልጁ ዋናው ሰው ሊሆን ይችላል።

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታትም ሆነ አሁን የምንመክረው ቀላል ነገር ነው። ልጁን በስሙ እንጥራው። በሳምንት አንድ ቋሚ ጊዜ እንስጠው፤ ቃል ከገባን አንቅር። አቅሙን የሚመጥን ኃላፊነት እንስጠው፤ የአዋቂን ሸክም ግን አንጫንበት። በቁርኣን ሒፍዝ ደክሞ በእጅ ሥራ ወይም በሒሳብ ከበረታ ብርታቱን በሰው ፊት እንመስክርለት። ከመድረሳ የቀረ ወይም ያጠፋ ወጣት ሲመለስ በሩ ክፍት ይሁን፤ ያለፈው ጥፋቱ የሰፈር ስሙ ሆኖ አይቅር።

ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ምግብ ካስጠላው ወይም ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ፍቅር ብቻውን አይበቃም። ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ሩቅያ ማስደረግ ሐኪም ከማየት አያግድም፤ ሁለቱን ማጋጨት ልጁን ይጎዳል።

«ከዚህ ቤት ምን ሊወጣ!» ለሚለው ወርነር በ40 ዓመት ያገኙት መልስ የሚወጣው ነገር በቤቱ ብቻ አይወሰንም የሚል ነው። አጠገቡ ባለው ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ኡስታዝና መምህርም ይወሰናል።