ተዋናይ እጅ ሲነሳ የተመልካች ድርሻ ምንድን ነው?

ቴአትር በሚታይበት አዳራሽ ሁሉ የመጨረሻው ቃል ከተነገረ በኋላ የሚመጡ ሦስት ወይም አራት ደቂቃዎች አሉ። መብራቱ ጠፍቶ ይበራል፤ ተዋንያኑ ከግራና ከቀኝ ወጥተው ይሰለፋሉ፤ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። በአዲስ አበባ አዳራሾች በእነዚህ ደቂቃዎች ትርኢቱ ብዙውን ጊዜ ከመድረኩ ይልቅ በወንበሮቹ መካከል ነው። ቦርሳ ይነሳል፣ የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል፣ ጃኬት ይለበሳል፤ ከመሐል የተቀመጠው ሰው የሌላውን እግር እየረገጠ ወደ በሩ ይገፋል። ተዋንያኑ የሚያዩት የተመልካቻቸውን ጀርባ ነው።

ታክሲ ፍለጋ ነው ይባላል። ምክንያቱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በግል መኪና የመጣውም ከታክሲ ተሳፋሪው ቀድሞ ሲወጣ ስለሚታይ፣ ጉዳዩ የትራንስፖርት ብቻ አይመስለኝም። እነዚያ ደቂቃዎች ለምን እንዳሉ ያለማወቅም አለበት።

ፈረንጆቹ ሥነ ሥርዓቱን «የመጋረጃ ጥሪ» ይሉታል፤ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ተመልካቹ በጭብጨባው ተዋናዩን መልሶ ስለሚጠራው ነው። የእኛው «እጅ መንሳት» ግን የበለጠ ይናገራል። እጅ የሚነሳው ለንጉሥ፣ ለታላቅ፣ ለዳኛ ነው። ተዋናዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተመልካቹን እንደሌለ ቆጥሮ ከተጫወተ በኋላ ዞሮ ዳኝነቱን ይቀበላል ማለት ነው። ዳኛ ደግሞ ባለጉዳይ እጅ ሲነሳው ወንበሩን ጥሎ አይሄድም።

ሌላም ሥራ አለው። ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ኦቴሎ» ሲያበቃ መድረኩ ላይ ሬሳ አለ። ከጥቂት አፍታ በኋላ ታንቃ የሞተችው ተነስታ የገዳይዋን እጅ ትይዛለች፤ ያን ሁሉ ተንኮል የሸረበው ኢያጎም አብሮ ጎንበስ ይላል። ታሪኩ ያበቃው፣ ሰዎቹ ወደ ራሳቸው የተመለሱት ያን ጊዜ ነው። በክፉ ገጸ ባሕርይ የታወቀ ተዋናይ በመንገድ ላይ ሲሰደብ የምንሰማበት አገር ውስጥ ይህችን ቅጽበት ማየት ጥቅም አላት።

መጋረጃና መድረክ ያለው ቴአትር ወደ አገራችን ከገባ አንድ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያቸውን ያሳዩት በ1910ዎቹ ነው፤ የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ምስጋና የመስጠት ልማዳችን ግን ከዚህ ሁሉ የቆየ ነው፤ የተለየም ነው። አዝማሪ ግጥሙ ሲያምርለት እዚያው ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ፎካሪው ገና ሳይጨርስ እልል ይባልለታል። እዳ አይጠራቀምም፤ ሒሳቡ የሚወራረደው ጨዋታው መሐል ነው። መጋረጃ ያለው ቴአትር ግን ዝም ብለህ አዳምጥ፣ ክፍያውን መጨረሻ ላይ ታደርሳለህ ይላል። እኛ ዝምታውን ተቀብለን ክፍያውን የረሳነው ይመስለኛል። (የቲኬቱ ዋጋ ክፍያ አይደለም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። የቲኬቱ ገንዘብ የሚገባው ለአዳራሹና ለአዘጋጁ ነው። ተዋናዩ ከተመልካቹ እጅ በቀጥታ የሚቀበለው ጭብጨባውን ብቻ ነው።)

ታዲያ ማጨብጨብ ግዴታ ነው? በፍጹም። በዚህ ነጥብ ላይ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች የተናገሩትን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1808 የተቃጠለው የለንደኑ ኮቨንት ጋርደን ቴአትር በዓመቱ ታድሶ ሲከፈት የመግቢያ ዋጋ ጨመረ፤ ስድስት ሽልንግ የነበረው የሎዥ መቀመጫ ሰባት ሆነ። ተመልካቹ «የድሮው ዋጋ ይመለስ» እያለ ለ67 ምሽቶች በጩኸትና በፉጨት አዳራሹን አናወጠ። ሄንሪ ክሊፎርድ የተባለ ጠበቃ የተቃውሞውን ምልክት ባርኔጣው ላይ አድርጎ በመምጣቱ ብራንደን በተባለው የቴአትር ቤቱ ሠራተኛ አማካይነት ተያዘ፤ እሱም ያለአግባብ ታስሬአለሁ ብሎ ሠራተኛውን ከሰሰ። ዳኛው ሰር ጄምስ ማንስፊልድ ያስቀመጡት መርሕ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ተመልካች በዚያች ቅጽበት በልቡ የተሰማውን በጭብጨባም ሆነ በፉጨት የመግለጽ መብት አለው፤ አስቀድሞ ተማክሮና ቆርጦ አንድን ተዋናይ ለማዋረድ ወይም አንድን ሥራ ለማክሸፍ መምጣት ግን አድማ ነው። ዳኛው ለክሊፎርድ አላዘነበሉም ነበር። የሕዝብ ዳኞቹ ግን አምስት ፓውንድ ካሳ ፈረዱለት።

እ.ኤ.አ. በ1914 በተወሰነ ሌላ ጉዳይ ደግሞ ኸርስት የተባለ ሰው ከፍሎ ከገባበት ሲኒማ ቤት አልከፈልክም ተብሎ ተባረረ። ፍርድ ቤቱ ቲኬት የገዛ ሰው ሥርዓት እስከጠበቀ ድረስ ትርኢቱ እስኪያልቅ የመቀመጥ መብት አለው አለ፤ 150 ፓውንድም ተፈረደለት። ነገሩን ገልብጠን ብንጠይቀውስ? ትርኢቱ የሚያልቀው መቼ ነው? ለእኔ እጅ መንሳቱ የትርኢቱ ክፍል እንጂ ተከታዩ አይደለም። እናም ዳኝነቱ የተመልካቹ ነው፤ ያጨበጭባል፣ አያጨበጭብም፣ ቀዝቀዝ አድርጎም ያጨበጭባል። ዳኝነቱን ለመስጠት ግን በቦታው መገኘት አለበት። ያልወደደው ሰው እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ተዋናዩ መልእክቱን ያገኛል። ከጀርባ ግን ምንም አይነበብም።

መቆየትን ግዴታ ስናደርግ መጠንቀቅም አለብን። ሮማዊው ጸሐፊ ስዌቶኒየስ እንደሚተርከው፣ ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ሲዘፍን ከአዳራሹ መውጣት ክልክል ነበር፤ እዚያው የወለዱ ሴቶች ነበሩ፣ ግንብ ዘለው ያመለጡና የሞቱ መስለው በቃሬዛ የወጡም ነበሩ ይባላል። ለማጨብጨብ የተመለመሉት ጎረምሶች ብቻ ከ5,000 ይበልጡ ነበር፤ የጭብጨባ ስልታቸውም እንደ ንብ ጉምጉምታ ወዘተ ስም ወጥቶለት ነበር። ፓሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1820 ጀምሮ አጨብጫቢ የሚያከራይ ድርጅት ነበራት፤ በውሉ መሠረት የሚስቅ፣ የሚያለቅስና «ይደገም!» የሚል ሰው ይቀርብ ነበር። ሶልዠኒትሲን ስለ ሶቪየት እስር ቤቶች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለስታሊን ክብር ስለተነሳ ጭብጨባ ይተርካል። ቀድሞ ለማቆም የደፈረ አልነበረም፤ በ11ኛው ደቂቃ የወረቀት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተቀመጠ፤ በዚያው ሌሊት ታሰረ።

ይህ የሩቅ ታሪክ የሚመስለው አንባቢ በደርግ ዘመን በቀበሌ አዳራሽ «በጭብጨባ ጸደቀ» ሲባል የሰማ ሽማግሌ ይጠይቅ። አጠገብህ ያለው ሰው እያየህ ማጨብጨብ ምን ማለት እንደሆነ ትውልዱ ያውቀዋል። ከስብሰባ አዳራሽ ያመጣነውን ጭብጨባ ቴአትር ቤት ማስገባት የለብንም። በቴአትር ቤት ጭብጨባ ዋጋ የሚኖረው መከልከልም ስለሚቻል ነው።

ቆሞ የማጨብጨብን ነገር በዚሁ ዓይን አየዋለሁ። ሉቺያኖ ፓቫሮቲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 በርሊን ውስጥ በአንድ ምሽት 165 ጊዜ ወደ መድረክ ተጠርቷል፤ ጭብጨባው አንድ ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ቆይቷል። እንዲህ ያለው ምሽት በሰው ዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው። አሁን አሁን በኒውዮርክም ሆነ በለንደን ለማንኛውም ትርኢት መቆም ልማድ ሆኗል፤ ወደ እኛም እየመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የምንቆመው የፊተኛው ሰው ቆሞ ስለጋረደን ነው። ጭብጨባ እንደሚጋባ ተመራማሪዎችም አረጋግጠዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ በትንንሽ የተማሪ ቡድኖች ፊት ለቀረቡ ንግግሮች የተሰጠው ጭብጨባ የቆየበት ጊዜ ከንግግሩ ጥራት ጋር ያን ያህል ዝምድና አልነበረውም፤ ወሳኙ የሌሎች ማጨብጨብና ማቆም ነበር። ስለዚህ ተቀምጦ ማጨብጨብ ንፍገት አይደለም። የቆመውንም «ተቀመጥ» ብሎ ጃኬቱን መጎተት ነውር ነው።

የቀረው በጥቂት ቃል የሚያልቅ ነው። ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ሚና ያላቸው ቀድመው፣ መሪ ተዋንያን መጨረሻ ላይ ይወጣሉ፤ ጭብጨባን ለታዋቂው ፊት ብቻ ቆጥቦ ማቆየት የመጀመሪያዎቹን መስደብ ነው። ተዋንያኑ እጃቸውን ወደ ኋላ ወይም ወደ ላይ ሲዘረጉ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎችን ማመስገናቸው ስለሆነ ጭብጨባው አይቋረጥም። ሁለት እጅ ሞባይል ከያዘ አያጨበጭብም፤ ፎቶ ማንሳት በተፈቀደበት አዳራሽ እንኳ ብልጭታውን ማጥፋት የግድ ነው። ፉጨት በእኛ ወጣቶች ዘንድ አድናቆት ሲሆን በጣሊያንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ስድብ ነው፤ ተጉዞ ኦፔራ የሚያይ ሰው ይህን ይያዝ። የሚያጣድፍ ጉዳይ ያለበት ሰው ደግሞ ሲገባ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ መብራቱ ጠፍቶ ሰልፉ ሳይጀመር ቢወጣ ማንም አያየውም።

አዳራሾቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ተዋንያኑ ገና ሳይሰለፉ የአዳራሹን መብራት ሁሉ አብርቶ በሩን በሰፊው የሚከፍት አስተናጋጅ ተመልካቹን «ውጡ» ማለቱ ነው። መብራቱ ሊበራ የሚገባው የመጨረሻው ተዋናይ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ትርኢቱ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ በቲኬቱ ላይ መጻፍም ከባድ ሥራ አይደለም፤ ባለታክሲውም ባለመኪናውም ሰዓቱን አውቆ ይመጣል።