የስብ አሲድና ያለዕድሜያቸው ያረጁ አይጦች

ስብ ለሰውነት ማገዶ ከመሆን ያለፈ ጥቅም የለውም የሚለው አስተሳሰብ በሊቃውንት ዘንድ በሰፈነበት ወቅት፣ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ይመራመሩ የነበሩት ጆርጅ በርና ባለቤታቸው ሚልድረድ፣ ከምግባቸው ስብ ፈጽሞ የተወገደባቸው አይጠመጎጦች የደረሰባቸውን ጉዳት በ1929 ይፋ አደረጉ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንስሳቱ ዕድገት ተገታ፤ ጅራታቸው ቅርፊት አወጣ፤ በመጨረሻም ሞቱ። ባልና ሚስቱ በሚቀጥለው ዓመት ሊኖሌይክ አሲድ ሕመሙን እንደሚፈውስ አስታወቁ። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችል የስብ አሲዶች መኖራቸው በዚህ ታወቀ።

ነገሩ ከቆዳና ከጅራት አልፎ ወደ አእምሮ የተሸጋገረው ዘግይቶ ነው። በዓሣ ዘይት የሚገኘው ዲ.ኤች.ኤ. የተባለው የስብ አሲድ በአንጎል ሴሎች ሽፋን ውስጥ በብዛት መኖሩ ሲረጋገጥ፣ በእርጅና የሚደክመውን የመማር ችሎታ ይመልስ ይሆን የሚል ጥያቄ ተነሣ። ይህን ለመፈተን ያረጀ አይጥ ያስፈልጋል፤ አይጥ እስኪያረጅ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል መቀለብ ግድ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአሜሪካው ጃክሰን ላቦራቶሪ ከመጡ አይጦች ዘር አንዳንዶቹ ጸጉራቸው እየረገፈ፣ ጀርባቸው እየጎበጠ ያለዕድሜያቸው አረጁ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ተበላሸ ዘር በጣላቸው ነበር፤ ቶሺዮ ታኬዳና ባልደረቦቻቸው ግን ለይተው አራቧቸውና በ1981 ለዓለም አስተዋወቁ። ከእነዚህ መካከል ፒ8 የተባለው ዘር ገና በወራት ዕድሜው መማርና ማስታወስ የሚያዳግተው ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሪቻርድ ሞሪስ በስኮትላንድ የውሃ ፈተናቸውን አቀረቡ፦ በደፈረሰ ውሃ ገንዳ ውስጥ መቆሚያ ይሰወራል፤ እንስሳው እየዋኘ ቦታውን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያስታውስ ይለካል።

በ2000ዎቹ ዓመታት ዲ.ኤች.ኤ. የተመገቡ የፒ8 አይጦች የተሻለ እንደ ተማሩ የሚገልጽ ጥናት ታተመ። ይሁንና በዚህ መስክ ዘይቱን ያገኙት እንስሳት ብዙ ጊዜ የተነጻጸሩት ዲ.ኤች.ኤ. ከተነፈጋቸው ጋር ነው። እንዲህ ያለው ንጽጽር የጎደለውን መሙላቱን እንጂ እርጅናን መግታቱን አያስረዳም፤ በርና ባለቤታቸው ያሳዩትም የመጀመሪያውን ነበር።

ልዩነቱ በ2010 በሰዎች ላይ ታየ። የመርሳት ሕመም የሌለባቸው፣ የማስታወስ ችሎታቸው ግን በዕድሜ የቀነሰ 485 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ በቀን 900 ሚሊግራም ዲ.ኤች.ኤ. ለ24 ሳምንታት የወሰዱት በአንድ የመማር ፈተና በለጡ፤ ጥናቱን ያካሄደው አምራቹ ኩባንያ እንደ ነበር ግን መዘንጋት አይገባም። በአልዛይመር በተያዙ 402 ሕሙማን ላይ በተደረገው ሌላ ጥናት፣ በቀን 2 ግራም ለ18 ወራት የታዘዘላቸው ሕሙማን ማስመሰያ መድኃኒት ከተሰጣቸው ባልተናነሰ ፍጥነት እየደከሙ ሄዱ።